በቅቤ የማይታሽ ወለምታ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብለው አበው የተናገሩት አንደበትን ለመግራት እንጂ ስለ እግር ለመመስከር አልነበረም፤ ሆኖም ተግሣጹ ኃይል ያገኘው፣ የእግር ወለምታ በቅቤ ታሽቶ ይድናል ከሚለው፣ ማንም ከማይጠራጠረው የጋራ ዕውቀት ላይ ስለ ቆመ ነው። ዕውቀቱም ቢሆን ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ወለም ካላቸው እግሮች የሚበዙት ቢታሹም ባይታሹም በጊዜያቸው ይድናሉና። ዳሩ ግን ቅቤውም ጊዜውም አልፎባቸው፣ እብጠቱ ከጠፋ ከዓመት በኋላ እንኳ ባለቤታቸውን በደልዳላ ሜዳ ላይ ሳይቀር የሚከዱ ጥቂት ቁርጭምጭሚቶች አሉ፤ የአጥንት ሐኪሞች ላለፉት ስድሳ ዓመታት ሲመረምሩትና ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይም የእነዚህ የጥቂቶቹ ነገር ነው።

የአዲስ አበባውን አያት ሰፈር የሚያውቅ ሰው ይህ ሕመም ከየት እንደሚመጣ ለመገመት አይቸገርም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በሜክሲኮ፣ በስታዲየም፣ በመገናኛና በሲኤምሲ እያለፈ የሚመጣው ቀላል ባቡር ጉዞውን የሚፈጽመው በዚህ ስለሆነ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ከባቡሩ የሚወርደው ሕዝብ ወደየሰፈሩ ሲበተን፣ እግሩ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ ኮረት፣ ከኮረትም ሊፍት ወደሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይሸጋገራል። ክረምት ሥሩን ቦርቡሮት ጠርዙ የተነሣ አንድ ጥርብ ድንጋይ፣ ወይም መብራት በጠፋበት ምሽት ጀሪካን ይዞ ለሚወርድ ሰው ያለቀ መስሎት ያላለቀ አንድ ደረጃ ለወለምታ ከበቂ በላይ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ለገጣፎን አልፎ ወደ ሰንዳፋ ለልምምድ የሚወጣው ሯጭና በሰፈሩ ባዶ ቦታ ላይ ድንጋይ ጎል አቁሞ የሚጫወተው ጎረምሳም ከዚህ ዕጣ ውጭ አይደሉም።

ቅዱስ ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 3፣ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ ሆኖ የተወለደው ሰው በመቅደሱ ደጅ እንዴት እንደ ተፈወሰ ሲተርክ፣ የሰውየው እግር መጽናቱን ብቻ ተናግሮ አላለፈም፤ ቁርጭምጭሚቱን ለይቶ ጠቅሶታል። ወንጌላዊው ባለመድኃኒት ነበርና፣ የሰው ልጅ ቆሞ መሄዱ በዚህች ጠባብ መገጣጠሚያ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ሳያውቅ አልቀረም። በዚህች ስፍራ የቅልጥሙ ወፍራም አጥንትና ከጎኑ ያለው ቀጭኑ አጥንት ከሁለት ወገን ወርደው ከተረከዙ በላይ የተቀመጠውን አጥንት በመካከላቸው ይይዙታል፤ እነዚህን ሁሉ ሳይለያዩ እንዲኖሩ የሚያያይዟቸው ደግሞ ጅማቶች ናቸው። በውጭው ወገን የሚገኙት ሦስት ሲሆኑ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ታች ወደ ተረከዝ፣ አንዱም ወደ ኋላ ይዘረጋል። ሰው እግሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍበት አስቀድሞ የሚጎዳው የፊተኛው ነው፤ ከሦስቱም ደካማው እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ አንድ ጥናት ከሬሳ የተወሰዱ ጅማቶች በመሣሪያ እየተሳቡ ሲመዘኑ፣ ይኸው የፊተኛው ጅማት ወደ 14 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ሸክም ሲበጠስ፣ ወደ ተረከዝ የሚወርደው እስከ 35 ኪሎ ግራም ድረስ ችሏል። የኋለኛው ደግሞ መገጣጠሚያው ፈጽሞ ካልወለቀ በቀር ብዙ ጊዜ አይነካም።

እግሩ ወለም ያለው የሰፈራችን ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው በሽተኛውን በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ ያበጠውን እግር በገዛ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ በቅቤ የራሰ አውራ ጣቱን ከአጥንቱ ጉብታ በታች እያዞረ ጅማቱን ይፈልጋል፤ በሽተኛው ጥርሱን ሲነክስ «አገኘኋት» ይላል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ጎትቶና አዙሮ በጨርቅ ያስረዋል። ከአባት ወደ ልጅ የወረደውን ይህን ጥበብ መናቅ አይገባም፤ የወለቀ መገጣጠሚያ በልምድ እጅ ወደ ቦታው ሲመለስ ያየ ብዙ ነውና። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል ማሸት ከተበጠሱት ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚወጣውን ደም ያበዛዋል እንጂ አያቆመውም፤ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር ደግሞ ደም ወደ ጣቶች መድረሱ ተቋርጦ እግሩ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ከኢትዮጵያ የወጣ ጽሑፍ ለወጌሾች አጭር ትምህርት መስጠት ይህን መሰሉን የእግር መቆረጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መፍትሔው ወጌሻን ማሳደድ ሳይሆን ከሐኪም ጋር ማስተዋወቅ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ታዲያ አንድ ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ይሁን ወይስ ጅማቱ ብቻ ተጎድቶ ይሁን በምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዪቱ ከተማ በኦታዋ ኢያን ስቲልና ባልደረቦቹ ያወጡት ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ ማንም ሊረዳው የሚችል መልስ ሰጥቷል። በሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች የኋላ ጠርዝ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወይም ጫፋቸው ላይ ሲነኩት አጥንቱ የሚያመው ሰው ራጅ ያስፈልገዋል፤ ከመሐል እግሩ አጥንቶች መካከል ሥርዓቱ በስም በለያቸው በሁለቱ ላይ ሕመም የሚሰማውም እንዲሁ፤ በተጎዳበት ሰዓትም ሆነ ሐኪም ቤት ሲደርስ አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለውም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ሰው አጥንቱ የተሰበረ የመሆኑ ዕድል እጅግ ጠባብ ነውና የራጅ ገንዘቡን በኪሱ ቢያኖር ይሻለዋል። የጅማቱን መበጠስ ለማወቅ ግን ትዕግሥት ያሻል፤ በመጀመሪያው ቀን እብጠቱና ሕመሙ የሐኪሙን እጅ ያሳስቱታልና። በአምስተርዳም ቫን ዳይክ የተባለው ሐኪምና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ ያው ምርመራ ከአምስት ቀን በኋላ ሲደገም ጅማታቸው ከተበጠሰባቸው መቶ ሰዎች 96ቱን ለይቶ ያወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግርን ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ፣ በላስቲክ ፋሻ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በሳምንቱ ደግሞ ተመልሶ መታየት፣ ርካሽም ጠቃሚም ሥርዓት ነው።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ በዘመናዊ መልኩ የሚጀምረው ከስዊድን ነው። ሌናርት ብሮስትሮም የተባለው ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተከታታይ ባሳተማቸው ጽሑፎች የቁርጭምጭሚትን ወለምታ ከተናቀ ሕመም ወደ ተከበረ ጥናት አነሣው፤ ወዲያው ተቀደው ጅማታቸው የተሰፋላቸው ሰዎችም ቁርጭምጭሚታቸው ላልቶ የመቅረቱ ነገር ያነሰ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ በኋላ በብዙ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ጅማት ሲበጠስ ወዲያው መቅደድ ልማድ ሆነ። ነገር ግን ጥናት በጥናት ላይ ሲደረብ ልማዱ መናወጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ካኑስና ሬንስትሮም የተባሉ ሐኪሞች እስከዚያ ድረስ በዕጣ የተከፋፈሉ በሽተኞችን ያወዳደሩትን ጥናቶች መርምረው፣ በድጋፍ እያሰሩ ቶሎ ማራመድ ከቢላዋም ከጀሶም እንደሚመረጥ፣ ጅማቱ ሳይጠነክር የቀረበት ሰው ደግሞ ከዓመታት በኋላ እንኳ ቢቀደድ ውጤቱ እንደማይከፋ ጻፉ። ተቃራኒ ድምፅም አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሆላንድ የወጣው የ370 ሰዎች ጥናት ወዲያው የተቀደዱት በኋለኛው ጊዜ ያነሰ ሕመምና ያነሰ መክዳት እንዳገኛቸው ተናግሯል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2007 ሃያ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ቢላዋው የሚያስገኘው ጥቅም ከሚያስከትለው መግተርና ከሥራ መዘግየት እንደሚበልጥ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘም። ከዚህ በኋላ ሐኪሞች በአዲስ ጉዳት ላይ እጃቸውን መሰብሰብን ተማሩ፤ በሕክምና ታሪክ ውስጥ አለማድረግን መማር ከማድረግ ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው።

እጅን መሰብሰብ ማለት ግን በሽተኛውን መተው አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ584 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ እግራቸውን መርገጥ እስኪሳናቸው ድረስ የተጎዱ ሰዎች ለአሥር ቀን ብቻ ከጉልበት በታች ጀሶ ቢደረግላቸው በላስቲክ ፋሻ ብቻ ከታሰሩት ይልቅ ፈጥነው ይድናሉ። በዚያው ዓመት ከሆላንድ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ለአያት የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርብ ነው፤ 522 ስፖርተኞችን በሁለት ከፍሎ፣ አንደኛው ወገን በገዛ ቤቱ፣ ያለ አሠልጣኝ፣ ለስምንት ሳምንት የሚዛን ልምምድ እንዲሠራ ሲደረግ፣ የወለምታው መደጋገም 35 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአንድ እግር መቆም፣ ኋላም ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ ቀጥሎም በሚነቃነቅ ሰሌዳ ላይ መቆም ነው። ምሥጢሩም ጅማት ገመድ ብቻ ሳይሆን እግሩ በምን አኳኋን እንዳለ ለአእምሮ የሚነግር የስሜት ሕዋስ የተተከለበት በመሆኑ ነው፤ ጅማቱ ሲቀደድ ነጋሪውም አብሮ ይታወካል፤ ልምምዱም ጡንቻዎች የነጋሪውን ጉድለት እንዲሞሉ ያስተምራቸዋል።

እንግዲህ በትጋት ከሦስት እስከ ስድስት ወር የተለማመደ ሰው ቁርጭምጭሚቱ አሁንም የሚከዳው ከሆነ፣ ያን ጊዜ የቀዶ ሐኪሙ ጊዜ ይደርሳል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ቅልጥሙን አጽንቶ በሌላው ተረከዙን ወደ ፊት ሲስብ፣ እግሩ ከጤነኛው ይልቅ ተንሸራቶ የሚወጣ ከሆነ የፊተኛው ጅማት ሥራውን ትቷል ማለት ነው። ኤም አር አይ የሚያስፈልገው ይህንኑ ለማረጋገጥና፣ ይልቁንም በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልም አጥንት ተፍቆ እንደሆነ ለማየት ነው። በዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ ታክሞት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በኤድመንተን በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ሆኖ ወደ ውድድር የተመለሰው ጉዳት የባት ጡንቻን ከተረከዝ ጋር የሚያገናኘው የወፍራሙ ጅማት ነበር። የዚያ ጅማት ሥራ መግፋት ነው፤ የእነዚህ የጎን ጅማቶች ሥራ ደግሞ መያዝ ነውና፣ ሕክምናቸውም ይለያያል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አሠራር ሁለት ትምህርቶች ነበሩ። የቀደመው ትምህርት፣ በእንግሊዛውያኑ በዋትሰን ጆንስና በኢቫንስ ስም የሚጠራው፣ በቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ከሚያልፉት የጡንቻ ጅማቶች አንዱን ወስዶ በአጥንት ውስጥ በተሰረሰረ ቀዳዳ በማሳለፍ እግሩን ማሠር ነበር። እግሩ በእርግጥ አይከዳም፤ ነገር ግን ተፈጥሮ ያላኖረችው ማሠሪያ ስለሆነ የእግሩን ከግራ ወደ ቀኝ መንቀሳቀስ ያግተዋል፤ ከዓመታት በኋላም መገጣጠሚያው ያረጅበታል። ሁለተኛው ትምህርት ብሮስትሮም እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳየው ነው፤ የጠፍር አልጋ ሲረግብ ሌላ አልጋ እንደማይገዛና ጠፍሩ ተፈትቶ እንደሚወጠር ሁሉ፣ የላላውን ጅማት ቆርጦ፣ አሳጥሮ፣ በገዛ ስፍራው መልሶ መስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጉልድ የተባለው አሜሪካዊ ከአጠገቡ ያለውን ጠንካራ ሽፋን ስቦ በላዩ በመደረብ ሥራውን አጸናው፤ ዛሬም የዓለም ሐኪሞች አስቀድመው የሚያስቡት ይህንኑ የሁለቱን ጥምር ሥራ ነው። ውጤቱ ዘላቂ መሆኑን ከሚመሰክሩት አንዱ፣ በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ በብሮስትሮም ዘዴ የታከሙ ሰዎች ከ26 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ 91 በመቶ የሚሆኑት እግራቸው መልካም ወይም እጅግ መልካም እንደሆነ መናገራቸው ነው።

ሥራው ራሱ ሲታይ ከስሙ ይልቅ ትሑት ነው። በሽተኛው ከወገቡ በታች ይደነዝዛል፤ ጭኑ ላይ የደም ማገጃ ይታሰራል፤ ሐኪሙም በውጭው ጉብታ ፊት ለፊት ከጣት ያልረዘመ ቁርጥ ያበጃል። ከቆዳው በታች አስቀድሞ የሚፈልገው ጅማቱን ሳይሆን ሊነካቸው የማይገባቸውን ሁለት ነርቮች ነው፤ አንዱ ከቁርጡ ፊት፣ ሌላው ከኋላ ያልፋልና፣ ቢቆረጡ የእግሩ ጀርባ ወይም የውጭ ጠርዙ ደንዝዞ ይቀራል። ከዚያ የመገጣጠሚያው ከረጢት ይገለጣል፤ በጤነኛ እግር የተወጠረ ሊሆን ሲገባው የረገበና በጠባሳ የወፈረ ጅማትም ይገኛል። ሐኪሙ ከአጥንቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርቶ ይቆርጠዋል፤ አጥንቱን ደም እስኪያዥ ድረስ ይፍቀዋል፤ በአጥንቱ ውስጥ በተተከሉ ትንንሽ መልሕቆች ክር አስገብቶም፣ ረዳቱ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ይዞለት ሳለ፣ ያጠብቀዋል። ቋጠሮው ከጠበቀ በኋላ ተረከዙን እንደገና ወደ ፊት ይስባል፤ ጥቂት ቀደም ብሎ ተንሸራቶ ይወጣ የነበረው አጥንት አሁን ሲቆም፣ ለመሥራት የመጣው ሥራ ተፈጽሟል።

ይህ ሥራ የማይበቃቸውም አሉ። በተፈጥሮ መገጣጠሚያቸው ሁሉ የላላ፣ ክብደታቸው የበዛ፣ ወይም አንድ ጊዜ ተሰፍቶ ዳግመኛ የተበጠሰባቸው ሰዎች የገዛ ጅማታቸው ስለማያስተማምን፣ ከጭን ኋላ በተወሰደ ቀጭን ጅማት አዲስ ጅማት ይሠራላቸዋል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ በተሰፋው ጅማት ላይ ሰው ሠራሽ ጠፍጣፋ ክር መደረብና፣ ቁርጡንም ትቶ በትንሽ ካሜራ አማካይነት በሁለት ወይም በሦስት ቀዳዳ መሥራት ተስፋፍቷል። የክሩ ጥቅም፣ አዲስ የተሰፋ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጤነኛው እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ እስኪጠነክር ሸክሙን መካፈሉ ነው። ጉዳቱም በዋጋውና፣ ከልክ በላይ ቢጠብቅ መገጣጠሚያውን በማገቱ ላይ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርግ እጅ በአገራችን አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪሞች ሲሠለጥኑ ኖረዋል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታልም ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመ ነው። ችግሩ ወዲህ ነው፤ በመኪና አደጋ ጭኑ የተሰበረ ሰው በየቀኑ ወደ እነዚህ ደጆች ስለሚመጣ፣ ያለ ክራንች በእግሩ የሚሄደው የላላ ቁርጭምጭሚት ባለቤት ወረፋው ወደ ኋላ መገፋቱ ፍትሕ እንጂ በደል አይደለም። ወደ ግል ሆስፒታል የሚሄደው ደግሞ መልሕቁና ክሩ ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ ዋጋቸውን ይከፍላል። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን ከቢላዋው በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል እግሩ ታስሮ፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት በጀሶ ወይም በድጋፍ ጫማ ተጠብቆ፣ ከዚያም በፊዚዮቴራፒ እየተገራ፣ በሦስተኛው ወር ገደማ ቀስ ብሎ ወደ ሩጫ መመለስ አለበት። ጀሶው ሲፈታለት ዳንሁ ብሎ ፊዚዮቴራፒውን የሚተው ሰው ገንዘቡን ለግማሽ ሕክምና አውጥቷል፤ ከአያት ተነሥቶ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተማውን ማቋረጥ የሚከብደውም በደንብ ተምሮት ቢሄድ አብዛኛውን ልምምድ በቤቱ ደረጃ ላይ ሊሠራው ይችላል።

ለተመራማሪዎቻችን የሚቀርበው ጥያቄም ከዚህ ይወለዳል። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ውጤታቸውን የለኩት በአውሮፓና በአሜሪካ ስፖርተኞች፣ ወታደሮችና ሠራተኞች እግር ሲሆን፣ «መልካም» ማለታቸውም እነዚያ ሰዎች ከሚኖሩት ኑሮ አንጻር ነው። በዐቢይ ጾም የሚሰግድ ምእመን፣ ጣቱን አጥፎ ተረከዙን አንሥቶ ደጋግሞ የሚነሣና የሚወድቅ፣ ከቁርጭምጭሚቱ የሚሻው መጽናትን ብቻ ሳይሆን መታጠፍንም ነው። በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጣ ቡና የምታፈላ እናት፣ ቁጢጥ ብሎ የሚሠራ ግንበኛ፣ በአንድ ቀን አራት ፎቅ ብዙ ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ሠራተኛም እንዲሁ። እግርን አጽንቶ መታጠፉን የሚነሣ ቀዶ ሕክምና፣ በሌላ አገር ጥቂት የሚያጎድል ቢሆን፣ በዚህ አገር ሰውን ከጸሎቱም ከእንጀራውም ሊያጎድለው ይችላል። ስለዚህ የኛ የአጥንት ሐኪሞች የታካሚዎቻቸውን መዝገብ ሲይዙ፣ ከሚዛኑና ከራጁ ጎን ለጎን «ይሰግዳል ወይ? ቁጢጥ ይላል ወይ? ደረጃ ይወርዳል ወይ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ከቀዶው በፊትና ከዓመት በኋላ ቢጽፉ፣ ብዙ ወጪ ሳያወጡ ሌላ አገር ሊጽፍልን የማይችለውን ዕውቀት ያገኛሉ።

አንባቢው ግን እስከዚያ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። እግሩ ወለም ሲለው አራት እርምጃ መራመድ መቻሉን ይፈትን፤ ካልቻለ ወይም ከላይ በተባሉት ስፍራዎች አጥንቱ ሲነካ ካመመው ራጅ ይነሣ፤ አለዚያ አሳርፎ በሳምንቱ ይታይ፤ ሕመሙ ሲያልፍ ሁለት ወር በአንድ እግር መቆምን ይለማመድ። ይህን ሁሉ ፈጽሞ ቁርጭምጭሚቱ ከስድስት ወር በኋላም የሚከዳው ከሆነ፣ ሐኪሙን «ጅማቴ ሊጠገን ይችላል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ቢላዋ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም፤ ተራው ሲደርስ ግን ከቅቤውና ከትዕግሥቱ ይልቅ የሚያተርፈው እርሱ ነው።